መስፉን በኪሎ ከመሸጣችሁ በፊት አንብቡት

ዛሬ ስለ ማዳበሪያም ስለ ፀረ ተባይም አልጽፍም፤ ስለ ብረት ነው። ሰሞኑን አንድ ተከታታያችን የአሮጌ መስፍ ፎቶ ልኮ «ይሄ የማን ሥራ ነው? ስንት ዓመቱስ ይሆናል? ቆራሌው በኪሎ ልግዛህ ብሎኛል፣ ልስጠው ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ መልሱን እዚህ ጻፍኩት።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልናገር። መስፍ በኪሎ መሸጥ የለበትም። መሸጥ ካለበትም ምን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ፣ እንደ መሣሪያ ተገምቶ፣ ለሚሠራበት ሰው ይሸጥ።

ለምን? ቆራሌው ሥራውን ነው የሚሠራው፣ አልወቅሰውም። ለእሱ ግን የዛገ በርሜልም፣ የተሰበረ አልጋም፣ መስፍም አንድ ናቸው። ሚዛን ላይ ይወጣሉ፣ ከዚያ ወደ ማቅለጫ ይሄዳሉ። በርሜሉ ቢቀልጥ ማንም አይጎዳም። መስፉ ሲቀልጥ ግን አንድ የቀጥቃጭ ቤት አብሮ ይዘጋል።

እስቲ አስቡት። በአብዛኛው አገራችን ዛሬም የሚታረሰው በበሬ ነው። የጤፍ ማሳ አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል። በዚህ መሀል ማረሻው ይዶለዱማል፣ ወገሉ ይላላል፣ ዶማው ይጣመማል። ያኔ የምትሮጡት ወደ ማን ነው? ወደ ቀጥቃጩ ነው። ቀጥቃጩ ወናፉ ቢቀደድ በሌላ ቆዳ ይሠራዋል። የመዶሻው እጀታ ቢሰበር ይተካዋል። ጉጠትም ራሱ ይቀጠቅጣል። መስፉ ከሄደበት ግን ምን ላይ ይመታል? ድንጋይ ላይ የሚሠሩ ቀጥቃጮች በደቡብና በሌሎችም አካባቢዎች ነበሩ፣ ዛሬም አሉ፤ ሙያቸውም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ጠንካራ አረብ ብረት የለመደ እጅ ወደ ድንጋይ መመለሱ ቀላል አይሆንም።

እኛ ላፍቶ አካባቢ ያለን ሰዎች ነገሩን በዓይናችን እያየነው ነው። የላፍቶ ስም በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው። ዛሬ ግራሩም ማሳውም ቀንሶ ቦታውን ኮንዶሚኒየምና አስፋልት ይዞታል። መሬቱ ሲሄድ ሞፈሩና ቀንበሩ ማገዶ ይሆናል፣ ብረታ ብረቱ ደግሞ ለቆራሌው። ቱምቱው፣ ማለትም ቀጥቃጩ፣ ካረፈ ወይም ልጆቹ ሌላ ሥራ ከያዙ መስፉ ከግቢው ጥግ ወድቆ ዝናብ ይመታዋል፤ ከዚያ አንድ ቀን በጋሪ ይሄዳል። ከከተማ ራቅ ያላችሁትም ይህ ነገር ወደ እናንተ እየመጣ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው። የማን ነው? ስንት ዓመቱ ነው?

እኛ አገር አንድ ልማድ አለን። አሮጌና ጠንካራ ብረት ስናይ «የጣሊያን ነው» ብለን እንገላገላለን። ድልድዩም የጣሊያን፣ ወፍጮውም የጣሊያን፣ መስፉም የጣሊያን! ልማዱ ከመሬት አልተነሣም። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ብዙ ጋራዥና መኪና ይዞ መጥቷል። ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ላሜራ፣ ፌሮ የምንላቸው ቃላትም ከጣሊያንኛ የቀሩ ናቸው። ነገር ግን ብረት ወደዚህ አገር የገባበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። የጅቡቲ ባቡር ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ሥራው የፈረንሳዮች ስለነበር ከሐዲዱ ጋር የፈረንሳይ ዕቃ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1967 በአርሲ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ደግሞ በስዊድን እርዳታ የተቋቋመ ነው፤ የእርሻ መሣሪያ ማሻሻልም አንዱ ሥራው ነበር። ሚስዮኖች፣ የቴክኒክ ትምህርት ቤቶችና ነጋዴዎችም ዕቃ አስገብተዋል። ስለዚህ «የጣሊያን ነው» ከማለታችሁ በፊት መስፉን ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ራሱ ይናገራል።

በመጀመሪያ አጽዱት። የሽቦ ብሩሽ ይበቃል። በመፍጫ ማሽን እንዳትነኩት! ጽሑፉ ያለው የላይኛው ቆዳ ላይ ነው፤ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ከዚያ ጎኑን በጠመኔ ቀቡትና በጨርቅ ጠረግ አድርጉት። ጠመኔው ጉድጓድ ውስጥ ስለሚቀር ፊደሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ጠመኔ ከሌለ አመድም ይሠራል። ሲመሽ ደግሞ የስልካችሁን መብራት ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን አስጠግታችሁ አብሩበት። ቀን የማይታየው ፊደል በጥላው ይታያል። እዚያው ላይ ፎቶ አንሡ። ሁለቱንም ጎን፣ እግሮቹን ከፊትና ከኋላ፣ ቢቻል ሥሩንም አገላብጣችሁ አንሡ። ሥሩን ስትገለብጡ ሁለት ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ እግራችሁን ጠብቁ።

ሁለተኛ ቅርጹን እዩ። አንድ ቀንድ ብቻ ካለው፣ በቀንዱና በፊቱ መካከል ዝቅ ያለች ደረጃ ካለችው፣ ፊቱ ላይ አንድ አራት ማዕዘንና አንድ ክብ ቀዳዳ ካለው፣ ይህ የእንግሊዝ ዓይነት ቅርጽ ነው። ሁለት ቀንድ ካለው፣ አንዱ ክብ አንዱ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ በጣሊያን፣ በፈረንሳይ፣ በጀርመን በኩል የተለመደ ቅርጽ ነው። በእንግሊዝ ዓይነቱ ላይ ክቧ ትንሽ ቀዳዳ ከሌለች ልብ በሉ። እንዲህ ያሉት ብዙውን ጊዜ እ.ኤ.አ. ከ1830ዎቹ በፊት የተሠሩ ናቸው። ወገቡ ወይም ሥሩ ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘን ጉድጓዶች ካሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ መስፉ ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው። ሲሠራ በጋለ ብረቱ ውስጥ መያዣ ዘንግ ይከቱበት ነበር። በጎኑ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ የመገጣጠሚያ መስመር ካለው ግን ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ነው።

ሦስተኛ ጽሑፉን አንብቡ። ፊደሉ የውጭ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ የስልካችሁ ካሜራ ያነብላችኋል፤ ካልሆነም የተማረ ልጅ ከቤት አይጠፋም። አንዳንድ ስሞችን ልንገራችሁ። «ፒተር ራይት» የሚል ካለበት ከእንግሊዝ፣ ዳድሊ ከምትባል ከተማ የወጣ ነው። የአይጥ ሥዕል ያለበት «ማውስሆል» የሚባለው የሸፊልድ ከተማ ሥራ ነው። ንስር ያለበት «ፊሸር» አሜሪካዊ ነው። «ሶደርፎርስ» የሚል ከሆነ የስዊድን ነው፤ እነዚህ ስዊድኖች ደግሞ የተሠራበትን ዓመት እግሩ ላይ የመጻፍ ልማድ ነበራቸውና እሱን ፈልጉ። የአገር ስም በእንግሊዝኛ ተጽፎ ካገኛችሁም ፍንጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 አሜሪካ ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ወደ እሷ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት ስላስገደደች፣ ብዙ ፋብሪካዎች ከዚያ ወዲህ የአገራቸውን ስም ማተም ጀምረዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ፤ ብዙ ሰው ይወድቅባቸዋል።

አንደኛው ቁጥርን ዓመት ማድረግ ነው። የእንግሊዝ መስፍ ጎን ላይ ለምሳሌ 1 2 10 የሚል ይታያል። «በ1210 የተሠራ ነው፣ ከላሊበላ ዘመን ነው» እንዳትሉ! ክብደቱ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር እያንዳንዱ 112 ፓውንድ ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱ 28 ፓውንድ፣ ሦስተኛው ፓውንዱ ራሱ። ስለዚህ 112 እና 56 እና 10 ሲደመር 178 ፓውንድ፣ ወደ 81 ኪሎ ማለት ነው። መለያውን ያዙ፦ መካከለኛው ቁጥር ከ3፣ የመጨረሻው ከ27 አይበልጥም። አሜሪካኖቹ በፓውንድ ብቻ ሲጽፉ ጀርመኖችና ፈረንሳዮች በኪሎ ይጽፋሉ።

ሁለተኛው ወጥመድ የዘመን አቆጣጠር ነው። የውጭ መስፍ ላይ 1925 ካገኛችሁ በፈረንጅ ነው። በእኛ 1917 ወይም 1918 ዓ.ም. ይሆናል። ሰባት ወይም ስምንት ቀንሱ።

ጽሑፍ የሌለውስ? እውነቱን ለመናገር እኛ ጋ የሚበዛው እሱ ነው። አብዛኛው የቀጥቃጭ መስፍ ከፋብሪካ እንደ መስፍ የወጣ አይደለም። የሐዲድ ቁራጭ ነው፣ የጭነት መኪና አክስል ነው፣ ወይም ግንድ ላይ የተተከለ ወፍራም ብረት ነው። ቀጥቃጮቻችን ብዙ ጊዜ ቁጭ ብለው ስለሚሠሩ መስፉ ዝቅ ያለ ነው፤ ያ ጉድለት አይደለም፣ ለሥራቸው እንዲመች ነው።

ሐዲድ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። የባቡር ሐዲድ ሲሠራ በቀጭኑ ወገቡ ላይ የፋብሪካው ስምና የተሠራበት ዓመት ከፍ ብሎ በወጣ ፊደል ይታተማል። ቁራጩ ረዘም ካለ ጽሑፉ የመገኘት ዕድል አለው። ግን አንድ ነገር ለዩ። የሐዲዱ ዓመት የመስፉ ዓመት አይደለም። ሐዲዱ በዚያ ዓመት ተሠራ፣ ባቡር ተሸከመ፣ ከዚያ ተቆርጦ መስፍ ሆነ። መስፉ ከዚያ ዓመት ሊቀድም አይችልም ማለት ብቻ ነው። የመኪና አክስልም እንዲሁ ነው። በነገራችን ላይ ሐዲድ የሕዝብ ንብረት ነው። ከአያት የወረሳችሁት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዛሬ ከማይታወቅ ሰው አዲስ የተቆረጠ ሐዲድ መግዛት ግን በሕግ ያስጠይቃል።

ምንም ጽሑፍ ከሌለው ደግሞ መጠየቅ ያለበት ሰው ነው። መስፉን ማን ተከለው? ከማን ወረሰው? የመጨረሻው ማረሻ የተመታበት መቼ ነው? የሰፈሩን ሽማግሌ ጠይቁ፤ «አባቴ በልጅነቱ እዚህ ማጭድ አስመትቷል» የሚል አይጠፋም። ዘመኑን በጦርነት፣ በድርቅ፣ በንጉሥ ቁጠሩት፤ አያቶቻችን ዕድሜያቸውን የቆጠሩት እንዲሁ ነው። የሰማችሁትን ስልካችሁ ላይ በድምፅ ቅዱት። ፊቱ መሀል ላይ ምን ያህል እንደጎደጎደም እዩ። ያ ጉድጓድ የብዙ ሺህ ማረሻ ምት ነው።

ዕድሜውን ካወቃችሁ በኋላ ጤንነቱን ፈትሹ፤ ገዢ ቢመጣ ዋጋውን የሚወስነው ይሄ ነው። ከአሮጌ ኩሽኔታ አንድ የብረት ኳስ አውጡ። ማስመሪያ አቁማችሁ ከ25 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ፊቱ ላይ ልቀቁት። ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ከነጠረ ፊቱ ጠንካራ ነው፣ እጅግ ጥሩ ነው። አምስት ስድስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ከነጠረ ለስላሳ ነው፤ መዶሻ ሲያርፍበት ይሰረጎዳል። መሀሉንም ዳር ዳሩንም ሞክሩ። ቀጥሎ በትንሽ መዶሻ ቀስ ብላችሁ አንኳኩት። እንደ ደወል ከጮኸ መልካም። አንድ ቦታ ጮሆ ሌላ ቦታ ድፍን ካለ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን የፈሰሰ ብረት አካል ላይ አረብ ብረት የለበሰ እንደ ንስር ምልክቱ ዓይነት በተፈጥሮው አይጮኽም፤ በድምፁ ብቻ አትፍረዱበት።

አደራ! ፊቱን ለማሳመር አትሞርዱት፣ አታስበይዱት፣ እሳት ውስጥ አትክተቱት። የድሮዎቹ ብዙዎቹ አካላቸው ለስላሳ ብረት ሆኖ ላያቸው ላይ ብቻ የአረብ ብረት ንጣፍ አለ። ያቺ ከሳሳች ወይም በእሳት ከለሰለሰች መስፉ አለቀለት። ዝገቱን በብሩሽ አንሥታችሁ ዘይት ቀቡት፣ በቃ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ አንድ ነገር ይከነክነኛል። የእንግሊዙ ሠሪ ስሙን በመስፉ ጎን ላይ በትልቁ አትሟል። ይኸው ከመቶ ዓመት በኋላ እኛ ስሙን እናነባለን። ማረሻችሁን የሚሠራው የእኛ ቀጥቃጭስ? ስሙ የት ነው? የትም የለም። ለምን? ስሙን ከሥራው ላይ እንዲያኖር ማን ፈቀደለት! «ቡዳ ነው» አልነው። «ጠይብ» ብለን ሰደብነው። ቀን ማረሻ ያስመታን ሰዎች ማታ ልጃችንን አንድርለትም አልን። እህል ያበላንን ሰው ማዕድ ከለከልነው።

ይህ ስድብ ስህተት መሆኑ ዛሬ የተገኘ አዲስ ነገር አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ብረት የሚያቀልጥና የሚሠራ እጅ ሲፈልጉ የውጭ ሰዎችን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1867 ሴባስቶፖልን አሠሩ። አፄ ምኒልክ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ባለእጁን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን በየቤቱ ቀረ። በዚህ ምክንያት ልጆቹ ሙያውን ሸሹ፣ መስፉም ለቆራሌው ተረፈ። እንግዲህ መስፉ የሚጠፋው ቆራሌው ስለመጣ ብቻ አይደለም፤ ያስጣልነው እኛ ነን።

«ትራክተር እየመጣ ነው፣ ቀጥቃጭ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ይምጣ፣ እኔም ደስ ይለኛል። ነገር ግን ተዳፋትና ድንጋያማ ማሳ ያላችሁ፣ መሬታችሁ ጠባብ የሆነ፣ ገና ለረጅም ጊዜ በሬና ማረሻ አይለያችሁም። ትራክተር የገባበትም ቀበሌ ዶማ፣ ማጭድና መጥረቢያ አልተወም። «ገንዘቡ ያስፈልገኛል» የሚለውንም እረዳለሁ፤ የትምህርት ቤት ወጪ አለ፣ ሕክምና አለ። ሽጡ፣ ግን ለማን? መጀመሪያ በአቅራቢያችሁ ላለ ቀጥቃጭ አሳዩ። ከዚያ ለቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ጠይቁ። አዲስ አበባ ቅርብ ከሆናችሁ መርካቶ ምናለሽ ተራ ብረት የሚቀጠቅጡ ሰዎች መስፍ ያውቃሉ፤ ዋጋውን እነሱን ሳትጠይቁ አትወስኑ። በጣም ያረጀ፣ ታሪክ ያለው ከመሰላችሁ ለወረዳችሁ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። ቆራሌው የመጨረሻ ይሁን።

አንድ ሐሳብ ደግሞ ላቅርብ። ቀጥቃጮቻችን በሚሠሩት ማረሻ ላይ ምልክታቸውን ይምቱ። ብረቱ ገና ትኩስ ሳለ በሹል ብረት ሁለት ፊደል ማኖር ጥቂት ሰከንድ ነው። ከአፈር የማይገናኘው፣ እንጨቱ የሚገባበት ጫፍ ላይ ቢሆን አይጠፋም። እናንተም ስትገዙ «ምልክትህ የታል?» በሉ። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ገበያ ላይ የገዛችሁት ማረሻ በአንድ ክረምት ቢሰበር ማንን ትጠይቃላችሁ? ሦስት ክረምት ቢያገለግልስ ቀጣዩን ከማን ትገዛላችሁ? ዛሬ ጥሩው ቀጥቃጭና ግዴለሹ ቀጥቃጭ በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ፤ ሥራቸው ስም ስለሌለው። ምልክት ካለ ጎበዙ በስሙ ይፈለጋል፣ ዋጋውም ይሻላል፣ ልጁም ከመስፉ አይሸሽም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሁለት ሥራ ስጡልኝ። ግቢ ውስጥ የወደቀ መስፍ ያላችሁ አጽዱት፣ ከጎን በመብራት ፎቶ አንሡት፣ ቁጥሩን ከላይ እንዳልኳችሁ አስሉት። መስፍ የሌላችሁ ደግሞ ማረሻ ልታስመቱ ስትሄዱ ቀጥቃጩን ስሙን ከነአባቱ ጠይቁት፣ መስፉ ከማን እንደደረሰውም። ስልካችሁ ላይ ጻፉትና አስቀምጡት፤ ነገ ልጆቻችሁ «የማን ሥራ ነው?» ብለው ሲጠይቁ መልስ ይኑራችሁ።

መልካም የሥራ ሳምንት ይሁንላችሁ።